ሆዳሙን የፋቅሁበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 1978

እምቢ አሉ።

አጎቴ ጋሼ ወልዴ ትናንት አመሻሽ ላይ ከእጃጂ ሲመለሱ፣ ደጃፉ ላይ የጫማቸውን አቧራ ሲያራግፉ ፊታቸውን አይቼ ገባኝ። አብረዋቸው የሄዱት ሽማግሌዎች እኔ ጋ እንኳን ብቅ አላሉም፤ ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደየቤታቸው ሄዱ።

የነገሩኝን ልጻፈው፣ ምናልባት ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል። ላገባት የጠየቅኋት የጫልቱ አባት ኦቦ ፈይሳ ሲጀመር በደንብ ነው የተቀበሏቸው። ወንበር ወጣ። የዶሮ ወጥ ሽታ ከጓዳ ይመጣ ነበር። የማን ልጅ ነው ተባለ፣ ተመለሰ። ምን ይሠራል ተባለ፣ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ቀዘቀዘ። ኦቦ ፈይሳ ሚስታቸውን አዩ፣ ሚስትየዋ ወደ ጓዳ ገቡ፣ በዚያው ቀሩ። "ልጃችን ገና ናት፣ ለጊዜው ሥራዋን ትሥራ" ተብለው ሽማግሌዎቹ ተሸኙ። ውሃ እንኳን አልቀመሱም።

ጫልቱ ገና ናት? አስተማሪ ናት እኮ። ስንት ልጅ ፊደል ያስቆጠረች ሴት "ገና ናት" ትባላለች? ጋሼ ወልዴን ደግሞ ከእኔ ትዳር ይልቅ ዶሮው ነው ያንገበገባቸው። ሌሊቱን ሲተክዙ አደሩ እንጂ እኔን አንድ ቃል አላጽናኑኝም።

ዛሬ ሥራ ገባሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ። በፍልውሃው ሆቴል ጥገና ክፍል ቀለም ቀቢ ነኝ፤ አሁን ግን መቅባቱ ቀርቶ መፋቅ ላይ ነኝ። ሆዳሙን ነው የምፍቀው። ሆዳሙ ማለት ቁም ሣጥን የሚያክል የብረት ማሽን ነው፤ የድሮው የሆቴሉ ባለቤት ከውጭ ያስመጣው። ሳንቲም ስታጎርሰው ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይሰጥሃል ተብሎ ነበር። ሳንቲሙን መጉረሱን ይጎርሳል፤ ጠርሙሱን የሚሰጠው ግን ደስ ሲለው ነው። ስሙም የወጣለት ለዚያ ነው። ስንት ዓመት መጋዘን ውስጥ ተረስቶ ኖሮ ባለፈው ሳምንት ኃላፊያችን አስወጡትና "ቀለሙን ፍቃችሁ አዲስ አስመስሉልኝ፣ እንግዶች ይመጣሉ" አሉ።

ከላይ ቀይ ነው። ከቀዩ ስር ሌላ ቀለም አለ፣ ከእሱም ስር ሌላ። በየዘመኑ ሳይፍቁ ነው የቀቡት። ከታች በኩል ደግሞ ትልቅ ስርጉድ አለው፤ ከውስጥ በመዶሻ ብለው ብሠራው አልመለስ አለኝ። የጥገና ክፍል ልጆች ስሜን ትተው "ፋቂው" ይሉኛል። ፋቂው ና፣ ፋቂው ሂድ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዛሬ ግን አልሳቅሁም።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ለምን እምቢ እንዳሉ ሳስብ ዋልኩ።

አባት ስለሌለኝ? ግን አጎት አለኝ።
ኦሮምኛዬ ስለሚሰባበር? ጫልቱ ታርመኛለች።
ቀለም ቀቢ ስለሆንኩ? ይህንንማ ከመጀመሪያው ያውቃሉ፤ ጫልቱ ነግራቸዋለች።
ጋሼ ወልዴ ብዙ አውርተው? ይሄ ሊሆን ይችላል። ግን በወሬ ብቻ ዶሮ ከምድጃ አይቀርም።

ከሥራ በኋላ ጫልቱ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። በኋለኛው በር ወጥታ ሄደች አለኝ ዘበኛው። እኔን አይታ ነው የዞረችው። ጫልቱ እኮ እዚያ በር ላይ አንዴ ብዘገይባት ፊቷን ለአንድ ሳምንት የምታጠቁርብኝ ሰው ናት።

እጄ ተላጧል። ካውስቲክ ሶዳውን ውሃ ውስጥ በጥብጬ በጨርቅ እለቀልቀዋለሁ፣ ቀለሙ ሲነፋፋ በስፓቱላ እገፋዋለሁ። የጎማ ጓንቱ ቀዳዳ ነው። ጣቶቼ ነጭ ሆነው ቆዳቸው እየተነሳ ነው፤ ማሽኑን እየፋቅሁ ይሁን እራሴን እንጃ። ስፓቱላው ደግሞ ጠርዝ ላይ አይሆንም። ገመቹ የራሱን መፋቂያ ባያመጣልኝ ኖሮ እስከ ፋሲካም አልጨርስም ነበር።

ገመቹ በያጃችን ነው፣ ጓደኛዬም ነው። መፋቂያው አጭር፣ ጎበጥ ያለ፣ እጀታው ከቀንድ የሆነ ብረት ነው። የአባቱ ነው። አባቱ በጥቁር እንጪኒ በኩል ቆዳ ፋቂ ናቸው። ይህን ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ሌሎቹ ቢያውቁ ፊት ለፊት ምንም አይሉትም፤ በዚህ ዘመን ያንን ቃል ለስድብ ያወጣ ሰው ቀበሌ ይጠራል። ግን ምሳ አብሮት የሚበላ ሰው አንድ ባንድ ይጠፋ ነበር። እኔ ምሳ አብሬው እበላለሁ። ይሄን የምጽፈው ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከቀዩ ስር ያለው አረንጓዴ ነው። ዛሬ ግማሽ በር ወጣልኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 21

አወቅሁት። ባላውቀው ይሻል ነበር።

ጫልቱ ራሷ ሁሉቃ ድልድይ ላይ ጠበቀችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"የእናትህ ወገኖች የት ናቸው?" አለችኝ።

"ጊንጪ። ታውቂ የለ።"

"ምን ይሠራሉ?"

"ያርሳሉ። ምነው?"

ወደ ወንዙ ዞረች። "እኔ ግድ የለኝም፣ ታደሰ። ለእኔ ምንም ማለት አይደለም። ግን ከአንተ አፍ ነበር መስማት የነበረብኝ።"

"ምኑን?"

"ፋቂ መሆናችሁን" አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ ያበድኩ መስሏት ወደኋላ አለች። ማሽኑን ነገርኳት፣ ቀለሙን ነገርኳት፣ የተላጠ እጄን አሳየኋት። እጄን ይዛ ብዙ አየችው። ከዚያ እሷም መሳቅ ጀመረች፣ ሲቆይ ግን እንባዋ መጣ። ለካ ከጌዶ ሌሎች ሽማግሌዎች እሁድ ከሰዓት ሊመጡ ነው። አባቷ ከዚህ ጉድ ቶሎ ለመገላገል ሊሰጧት ቆርጠዋል። እውነተኛውን ምክንያት ደግሞ አፍ አውጥተው ለማንም አይናገሩም፤ ቃሉ ያስጠይቃልና። ለዚህ ነው "ገና ናት" ያሉት።

ቤት ስገባ ጋሼ ወልዴን አስቀመጥኳቸው።

"ኦቦ ፈይሳ ምን ይሠራል ሲሉዎት ምን አሉ?"

"በቋንቋቸው ላክብራቸው ብዬ በኦሮምኛ መለስኩ።"

"ምን ብለው?"

"ፋቂ ዳ።"

ፋቂ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ያው የሆነ ቃል ፈልገው አገኙ። አርብ ዕለት ወደ ጥገና ክፍል ብቅ ብለው ልጆቹ "ፋቂው" ሲሉኝ ሰምተው የሥራ እድገት መስሏቸው ኖሯል። "በያጅ አለ፣ ቀቢ አለ፣ አንተ ፋቂ ሆንክ። ከቀቢ ከፍ ያለ መስሎኝ" አሉኝ። ደግሞም እጁ እስኪላጥ፣ ጠዋት ማታ ሲፍቅ ነው የሚውል ብለው ጨምረውበታል። አሞግሰውኝ ሞተዋል።

እሳቸው ላይ መጮህ ፈልጌ ነበር። ጭንቅላታቸውን ይዘው ሲቀመጡ አልቻልኩም። አርብ እጃጂ ተመልሰው ሄደው ሊያስረዱ ተስማማን። ኦሮምኛ ግን እንዳይናገሩ አስማልኳቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ዛሬ ያደረግሁትን መጻፍ አልፈልግም።

ጠዋት ስገባ አንዱ ልጅ "ፋቂው፣ ሻይ ትጠጣለህ?" አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አዎ ብዬ ሻዬን እጠጣ ነበር። እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ጫልቱ ከእጄ ልታመልጥ ነው፣ እጄ ያቃጥለኛል። መፋቂያውን ማሽኑ ላይ ወረወርኩና "እኔ ፋቂ አይደለሁም" አልኩ። በዚያ ቢበቃኝ። "ሁለተኛ በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ካለ ጉድ ይፈላል፣ የእኔ ዘር ንጹህ ነው" አልኩ። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ከጀርባዬ የብየዳው ብርሃን ጠፋ።

ገመቹ ጭምብሉን ከፊቱ ከፍ አደረገ። ቀስ ብሎ መጣ። መፋቂያውን ከማሽኑ ላይ አነሳ፣ በጨርቅ ጠረገው፣ ኪሱ ከተተውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሌሎቹ ምንም አልገባቸውም፤ አንዱማ "መሣሪያውን ለምን ወረወርክበት፣ ተቀየመህ እኮ" አለኝ።

ንጹህ። ይሄ ቃል ከየት መጣብኝ? ከገመቹ ጋር ከአንድ ትሪ እየበላሁ ስንት ዓመቴ ነው፣ ሆዴ ውስጥ ግን ያ ቃል ተቀምጦ ኖሯል። ከሽማግሌዎቹ ፊት ዶሮውን ከመለሱት የጫልቱ እናት በምን ተሻልኩ? እሳቸውስ ዝም ነው ያሉት።

በስፓቱላ ስታገል ዋልኩ። ከአረንጓዴው ስር ቢጫ ወጣ፣ ቢጫው ላይ ፊደል ጀመረ። "ሀገረ" ይላል። ቀሪውን ለማውጣት ጉልበት አልነበረኝም። ኃላፊያችን መጥተው "እስከ ሰኞ ለቀለም ካልደረሰ ጉዳችን ነው" ብለውኝ ሄዱ። የእሳቸው ጉድ እንዲህ ቀላል በሆነልኝ።

ምሳዬን ብቻዬን በላሁ።

አርብ፣ ጥር 23

ጋሼ ወልዴ በጠዋቱ መኪና እጃጂ ሄዱ። እኔ ከሥራ ወጥቼ ገመቹ ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሸሚዝ እያጠበ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ማጠቡን ቀጠለ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልመጣልኝ። "ጥፋተኛ ነኝ" ብቻ አልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ የጋሼ ወልዴን ኦሮምኛ፣ ዶሮውን፣ የጌዶዎቹን ሽማግሌዎች። "ፋቂ ዳ" ላይ ስደርስ ከንፈሩ ሊስቅ ፈለገ፣ ከለከለው።

"ስለዚህ እንደ እኔ አባት ፋቂ ነህ ብለው ነው ልጅቷን የከለከሉህ" አለ።

"አዎ።"

"አንተ ደግሞ አለመሆንህን አስረድተህ ትወስዳታለህ።"

"አዎ።"

ሸሚዙን ጨመቀው። "ጥሩ ነው" አለ።

ያኔ ነው "ሚዜዬ ሁን" ያልኩት። ቀድሜም የማስበው እሱን ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ማካካሻ ይመስል ነበር፤ እሱም አውቆታል።

"እዚያ ቤት ውሃ በምን ይሰጡኛል?" አለ።

አባቱ ገበያ ሲወጡ ውሃ ሲጠይቁ በመዳፋቸው ላይ እንደሚያፈሱላቸው አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ ዕቃ እንዳይነኩ።

"ተደብቄ አልገባም" አለ። "እስከዛሬ ዝም ብዬ ነው የኖርኩት፣ ዝም ማለትና መደበቅ ሌላ ነው። ሰርግ ላይ ግን ተደብቄ አልቆምም። ከሄድኩ አስቀድመህ ትነግራቸዋለህ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አውቀው ግባ ካሉኝ እገባለሁ።"

እሺ አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው። ሆዴ፣ ይሄን ለኦቦ ፈይሳ የምነግራቸው ጫልቱን ለማጣት ነው ይለኛል።

መፋቂያውን ከመስኮቱ ላይ አውርዶ ሰጠኝ። "ሥራውን ጨርስበት" አለኝ።

ጋሼ ወልዴ መጥተው ጠበቁኝ። ኦቦ ፈይሳ ማብራሪያውን ሰምተው አላመኑም፣ አልካዱምም። "ነገ አምቦ ገበያ እወጣለሁ፣ በዓይኔ አየዋለሁ" ብለዋል።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ጠዋት "ሀገረ ሕይወት" የሚለውን ሙሉውን አወጣሁት። የከተማችን የአምቦ የድሮ ስም፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ያኔ የነበረው ቀቢ እጁ ከእኔ ይሻላል። ደግሞ ሊቀባበት መሆኑ አሳዘነኝ።

ኦቦ ፈይሳ በረፋዱ ላይ ደረሱ። ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ልብ አላልኳቸውም። እጄ በሶዳ ውስጥ ነው። ሰላም ብያቸው ልነሳ ስል "ሥራ፣ ሥራ" አሉኝ። ዞር ዞር እያሉ ማሽኑን አዩት። ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የታችኛውን ስርጉድ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? ይቺ እኮ እኔን የምታውቀኝ ናት።"

ለካ በወጣትነታቸው ፍልውሃ ሊታጠቡ መጥተው ሳንቲም አጉርሰውት ኖሯል። ጠርሙስ ሲከለክላቸው በርግጫ አሉት። ዘበኛ አባሯቸው እስከ ድልድዩ ድረስ ሮጠዋል። ስንት ቀን በመዶሻ የታገልኩት ስርጉድ የአማቴ እግር ነው። እሳቸው እየሳቁ፣ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ "ፋቂ! ቀለም ፋቂ!" ይላሉ። "ሽማግሌ በባዶ ሆዱ መለስኩ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፣ አውቃለሁ፤ አንተ ግን ነገ ጠዋት አብረሃቸው ና። ያዋረድኩህን ፊት ለፊት እክሳለሁ። የከሰዓቶቹን፣ የጌዶዎቹን፣ እኔ እመልሳለሁ።"

አለቀ። አገኘኋት። ዝም ብል አልቆ ነበር።

ገመቹ ማዶ ላይ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ብየዳው ግን አይበራም።

ኦቦ ፈይሳ መፋቂያውን አንስተው እያገላበጡ "ጥሩ ብረት ነው፣ የት ይሸጣል?" አሉ።

"አይሸጥም" አልኩ። "የገመቹ አባት ቆዳ የሚፍቁበት ነው። ያ በያጁ ገመቹ ነው። ሚዜዬ ነው። ነገ አብሮኝ ይመጣል።"

ሳቃቸው ቆመ። መፋቂያውን ከወሰዱበት ቦታ በጥንቃቄ መለሱት። እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉ፤ የጠረጉ እንኳን አልመሰላቸውም። ወደ ገመቹ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ።

"ነገ እናያለን" ብለው ወጡ።

ይሄ ኑ ነው አትምጡ? ጋሼ ወልዴ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። "እኔ በስህተት ያበላሸሁትን አንተ አውቀህ አበላሸኸው" አሉኝ። ምናልባት ልክ ናቸው። ፈርቻለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

እሁድ፣ ጥር 25

እጃጂ ደርሰን ተመለስን።

ኦቦ ፈይሳ ከበሩ ወጥተው ተቀበሉን። ሁላችንንም ጨበጡ፤ ገመቹንም ጨበጡ። ግን ዓይኑን አላዩትም። ወንበር ወጣ፣ ለእሱም ወጣ። ጋሼ ወልዴ እንደማሉት በአማርኛ ብቻ ተናገሩ።

በዚያ ቤት ነገር ሲጠናቀቅ አንድ ዋንጫ ብርዝ ይዞራል። ባለቤቱ ይጀምራል፣ እንግዳው ሁሉ ይቀምሳል፣ ባለቤቱ ይጨርሳል። ጨርሶ ሲጠጣ ነው እሺ አለ የሚባለው። ኦቦ ፈይሳ ቀመሱና ለጋሼ ወልዴ ሰጡ። ከጋሼ ወልዴ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ ከሽማግሌዎቹ ወደ እኔ። እኔ ለገመቹ ሰጠሁት። ገመቹ ዋንጫውን ይዞ ኦቦ ፈይሳን አያቸው። ጠጣ። ተነስቶ በሁለት እጁ መለሰላቸው።

ተቀበሉት። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ብርዙን አዩት። የጫልቱ እናት ጓዳው በር ላይ ቆመዋል። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ኦቦ ፈይሳ ዋንጫውን ሳይጠጡ ከወንበራቸው ስር መሬት ላይ አኖሩት።

ገመቹ ለመነሳት ወንበሩን ገፋ። እኔም ተነሳሁ። ጫልቱን በዚያች ቅጽበት ነው ያጣኋት ብዬ ደመደምኩ።

ጫልቱ ከጓዳ ወጣች። ልጅ በሽምግልና መሃል አትወጣም። እናቷ ክንዷን ያዟት፣ አስለቀቀች። መጥታ ዋንጫውን ከመሬት አነሳች፣ ገመቹ የጠጣበትን በኩል ወደ አፏ አዙራ ሙሉውን ጨለጠችው። ከማሰሮው እንደገና ቀዳችና አባቷ እጅ ላይ አኖረችው።

"አባ፣ ዱጊ" አለች። ጠጣ ማለቷ ነው። እያለቀሰች ነበር፣ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። ተመልሳ ገባች።

ኦቦ ፈይሳ ዋንጫውን አነሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ። ጨረሱት። አፋቸውን ጠርገው ለጋሼ ወልዴ "በሉ ቀን ቁረጡ" አሉ።

ዶሮው መጣ፣ በአንድ ትሪ። ጋሼ ወልዴ የሁለቱንም እሁድ በሉ። ኦቦ ፈይሳ ግን "ጠግቤያለሁ" ብለው ሳይቀርቡ ቀሩ። አየሁ፣ ገመቹም አየ። ይሄን ላሳምረው አልችልም። ስንሸኝ ግን ገመቹን ጠርተው ዓይኑን እያዩ "አባትህ በሕይወት አሉ?" ብለው ጠየቁት። አሉ አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

አውቶቡስ ውስጥ ገመቹ መስኮቱን ተደግፎ ተቀመጠ። ጌዶን ስናልፍ፣ ወደ ውጭ እያየ፣ "ውሃ አልሰጡኝም፤ ብርዝ ነው የሰጡኝ" አለ።

ሰርጉ ሚያዝያ ነው። ነገ ሆዳሙን የዝገት መከላከያውን አንቲራስት እንቀባዋለን። ስርጉዱን ግን አልነካውም።